ውፍረትን ለመቀነስ ከሚደረግ ኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚመጣ የደም ማነስ



በአገራችን ውፍረት ለብዙ ዘመን የጥጋብና የክብር ምልክት ሆኖ ሲታይ ኖሮአል። አንድ ሰው «ደላው፥ አማረበት» ከተባለ ወፈረ ማለት ነበረ። ዛሬ ግን የውፍረት ብዛት የስኳርንና የደም ግፊትን ሕመም እንደሚያመጣ ስለ ታወቀ፥ ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ በሚኖሩበት በውጭ አገር ጨጓራቸውን በኦፕራሲዮን እያሳነሱ ወደ ዘመዶቻቸው ይመጣሉ። ስለ ኦፕራሲዮኑ ደግነት ወይም ክፋት ልንፈርድ አልተነሣንም፤ ያ የሐኪሙና የታማሚው ጉዳይ ነው። ነገር ግን ታማሚው ከሐኪም ቤት የሚቈየው ጥቂት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ የሚመገበው በእናቱ፥ በሚስቱ ወይም በእኅቱ ገበታ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣው የብረት ማነስም የሚታየው በዚያው ገበታ ዙሪያ ስለ ሆነ፥ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው ብለን በዚህ ገጽ ለመጻፍ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ብረት በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ጐልማሳ ሰው ሰውነት ያለው ብረት ሁሉ ቢሰበሰብ ከ3 እስከ 4 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ትንሽ ምስማር ቢመዘን ይህን ያህል ይሆናል። ከዚህም የሚበዛው ሄሞግሎቢን በሚባለው በደም ቀይ ቀለም ውስጥ ይገኛል፤ ሥራውም ከሳንባ የተቀበለውን ንጹሕ አየር ወደ ሰውነት ሁሉ ማድረስ ነው። ሰውነት ከምግብ በየቀኑ የሚቀበለው ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም የሚደርስ እጅግ ጥቂት ነገር ነው። ሴቶች በየወሩ ከደማቸው ጋር ብረት ስለሚወጣባቸው ከወንዶች ይልቅ ብዙ ያስፈልጋቸዋል።

ይህ ጥቂት ብረት ወደ ደም የሚገባበት በር አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ምግብ በጨጓራ ሳለ የጨጓራው ኮምጣጣ ውሃ ብረቱን ያሟሟዋል፤ ከዚያም ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይቀበለዋል። ውፍረትን ለመቀነስ ከሚደረጉት ኦፕራሲዮኖች ሁለቱ እጅግ የታወቁ ናቸው። በአንዱ ሐኪሙ ከጨጓራው ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ ያህል ቈርጦ ያወጣና የቀረውን እንደ እጅጌ ቀጭን አድርጎ ይተወዋል። በሁለተኛው ደግሞ ግማሽ ስኒ ቡና ብቻ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ከጨጓራው ራስ ላይ ለይቶ፥ ያንን ዝቅ ብሎ ካለው አንጀት ጋር ይሰፋዋል። እንግዲህ በመጀመሪያው ኮምጣጣው ውሃ ያንሳል፤ በሁለተኛው ግን ኮምጣጣው ውሃ ከማነሱም በላይ ምግቡ ብረት በሚገባበት በር ሳያልፍ በሌላ መንገድ ይሄዳል። የምግቡ መጠን ማነሱ ሦስተኛ ምክንያት ነው። ሥጋም ለብዙዎቹ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አልዋጥ ይላቸዋል።

ነገሩ ለሐኪሞች አዲስ አይደለም። ቴዎዶር ቢልሮት የሚባል ሐኪም በ1881 በቪየና ከተማ የጨጓራን ክፍል ቈርጦ በማውጣት በሽተኛዋን በሕይወት ካሳደረ ወዲህ፥ ለጨጓራ ቍስለት እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን በብዙ አገር ይደረግ ነበር። ኤድዋርድ ሜሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እንዲህ የተደረገላቸው ሰዎች እንደሚከሱና መልሰው ለመወፈር እንደሚቸገሩ አይቶ፥ በ1966 በአዮዋ ይህንኑ ለውፍረት ሕክምና አደረገው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጽፈው ከውጭ አገር ለሚመጡት ብቻ አይደለም፤ በአገራችንም በጨጓራ ቍስለት ምክንያት ጨጓራቸው ከአንጀታቸው ጋር የተሰፋላቸው አባቶችና እናቶች አሉና ለእነርሱም ይሆናል። የአሜሪካ የውፍረት ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ባሻሻለው መመሪያ እንደ ጻፈው፥ አንጀቱ ከተቀጠለለት ከ100 ሰው ከ20 እስከ 55 የሚደርሰው፥ ጨጓራው እንደ እጅጌ ከሆነለት ደግሞ እስከ 18 የሚደርሰው የብረት ማነስ ያገኘዋል።

ነገር ግን ይህ ማነስ በአንድ ቀን አይመጣም። ሰውነት በጉበትና በመቅን ውስጥ ያስቀመጠው ብረት አለና በእርሱ ይኖራል፤ ያ ሲያልቅ ነው ሕመሙ የሚገለጠው። አንዳንድ ጊዜ ኦፕራሲዮኑ ከተደረገ ሁለትና ሦስት ዓመት፥ ከዚያም የበለጠ ካለፈ በኋላ ስለሚሆን፥ ታማሚውም ቤተ ሰቡም ሁለቱን ነገር አያገናኙአቸውም።

እስቲ በፍላቂት ከተማ አንድ ቤት እናስብ። ፍላቂት ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ የላሊበላ መንገድ ከሚገነጠልባት ከጋሸና አለፍ ብላ ያለች የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው። ለገና ወደ ላሊበላ የሚሳለም ሕዝብ በዚህ አውራጃ ሲተላለፍ፥ በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆችም ወላጆቻቸውን ለመጠየቅ ይመጣሉ። በዐረብ አገር ብዙ ዓመት የሠራች፥ ጨጓራዋንም ካሳነሰች ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ በታኅሣሥ ወደ እናቷ ቤት ገባች እንበል። እናትዮዋ ደስታዋና ድንጋጤዋ እኩል ነው። «ምነው ሆዴ፥ እንዲህ ከሳሽብኝ? ማን አስራበሽ?» ትላለች። ልጅቱም «እማዬ፥ አትጨነቂ፤ በሐኪም ነው የቀነስሁት» ብላ ትመልሳለች። ወሬው በዚህ ያበቃል፤ ሐኪሙ ኪኒን አዝዞላት እንደ ነበረና ሆዷን ስላደረቃት ከተወችው ዓመት እንደ ሆነው አትናገርም።

በማግሥቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዳገቱን መግፋት ያቅታታል፤ ልቧ ይመታል፥ ትንፋሿ ያጥራል። ጎረቤት ሁሉ ምክንያት አያጣም። አንዱ «ቆላ ለምዳ ደጋው ከብዷት ነው» ይላል። ሌላዪቱ «ጾሙ ነው» ትላለች፤ የነቢያት ጾም ነውና። አንዲት አሮጊት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዓይን ነው» ትላለች። እነዚህ ሁሉ በአካባቢው የተለመዱ ምክንያቶች ስለ ሆኑ ልጅቱን ደሟን የሚያስመረምራት ሰው አይገኝም። ደጋው ትንፋሽ እንደሚያሳጥር እውነት ነው፤ ነገር ግን በደጋ አየር የሚደክም እንግዳ እየሰነበተ ይለምደዋል፤ ብረት ያነሰው ግን እየሰነበተ ይብስበታል። ይህን ልዩነት መመልከት ለቤተ ሰብ አይከብድም።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። ጠጕር በማበጠሪያ እየመጣ ይረግፋል፤ ጥፍር ይሳሳና እንደ ማንኪያ ይጐደጕዳል፤ የዓይን ቈብ ውስጡ ተገልጦ ሲታይ ይነጣል፤ ሌሊት እግር አልቀመጥ ይላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ምግብ ያልሆነ ነገር ማማር ነው። በአገራችን አፈር የሚያምራቸው ሴቶች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ በረዶ በሚገኝበት አገር የሚኖሩት ደግሞ በረዶ እየቈረጠሙ ይውላሉ። ልጅቱ በፍላቂት ውርጭ ጥዋት በረዶ ያማረኛል ብትል እንደ ቅብጠት ሊታይባት አይገባም።

አሁን ወደ ገበታው እንመለስ። እናት ልጇ መድከሟን ስታይ የምታደርገው የታወቀ ነው፤ ታበላታለች። ጤፍ ብረት አለው ሲባል ስለ ሰማች ከቆላ የመጣ ጤፍ አስገዝታ ትጋግርላታለች። ጤፍ ብረት እንዳለው እውነት ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተመው ጥናት ኢትዮጵያውያን በምግባቸው ከሌላው ዓለም ሕዝብ ይልቅ እጅግ ብዙ ብረት እንደሚወስዱ ገልጦአል። ነገር ግን ከዚያ ብረት ብዙው ጤፉ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ የሚቀላቀለው የአፈር ብረት ነው፤ አፈር ውስጥ ያለውንም ብረት ሰውነት እንደ ልብ አይቀበለውም። ከዚህም ሌላ በእህል ልጣጭ ያለ ፊታት የሚባል ነገር ብረቱን ይዞ አይለቅም። እርሾ ይህን ጥቂት ያላላዋልና በደንብ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል። ሙሉ ጨጓራ ያለው ሰው በዚህ ሁሉ ተጠቅሞ ይኖራል፤ ጨጓራው ግማሽ ስኒ ለሆነ ሰው ግን ቦካም አልቦካም ከእንጀራ የሚያገኘው ብረት አይበቃውም። ምስርም ጎመንም እንደዚሁ መልካም ምግብ ናቸው፤ ሎሚ ቢጨመቅባቸው ወይም ቃሪያ አብሮአቸው ቢቀርብ ብረታቸው ይበልጥ ይገባል፤ የጐደለውን ግን ለብቻቸው አይሞሉትም። በፍስክ ቀን ጉበትና ቀይ ሥጋ ከእህል ሁሉ የሚበልጡ ናቸው፤ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ፥ በደንብ እየታኘከ ይበላ።

ስለ ቡና ጥቂት ማስረዘም ያስፈልገናል፤ እኛም ራሳችን ወዳጆቹ ነንና። በወሎ ምሳ ተበልቶ ገበታው ሳይነሣ ቡናው ይቈላል፤ አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪባል ድረስ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። በ1983 የታተመ አንድ ጥናት አንድ ስኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከምግቡ ከሚገባው ብረት ከመቶ 39 እጅ ያህል እንደሚያስቀር፥ ሻይ ደግሞ ከመቶ 64 እጅ እንደሚያስቀር አሳየ። ይልቁንም ልብ የሚባለው ቀጥሎ ያለው ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልጐዳም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል ጐዳ። ስለዚህ በዚህ ቤት ቡናን መከልከል አያስፈልግም፤ ቡናው ከምሳ በፊት ይፈላ። እንግዳ መጥቶ የግድ ከምሳ በኋላ የሚፈላ እንደ ሆነ፥ ልጅቱ በረከቱን በጢሱ ትካፈልና ስኒውን ትለፈው።

የሕክምናው ዋና ነገር ግን የብረት ኪኒን ነው። ከላይ የጠቀስነው ማኅበር እንደሚያዝዘው፥ እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው ሕመም ባይኖርበትም በየቀኑ ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም ንጹሕ ብረት ዕድሜውን ሁሉ ሊወስድ ይገባዋል፤ ማነስ ከተገኘበት ደግሞ ሐኪሙ ከ150 እስከ 200 ሚሊግራም ያደርስለታል። በኪኒኑ ብልቃጥ ላይ የተጻፈው ቍጥር ሁልጊዜ የንጹሑ ብረት ቍጥር አይደለም። 300 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት የሚባለው ኪኒን በውስጡ ያለው ንጹሕ ብረት 60 ሚሊግራም ያህል ነው። ለነፍሰ ጡሮች በየጤና ጣቢያው የሚታደለው ቀይ ኪኒን ከዚሁ ወገን ነው፤ ሆኖም ለጎረቤት የታዘዘውን ኪኒን ተካፍሎ መዋጥ አይገባም።

አወሳሰዱም ሥርዓት አለው። ከካልሲየም ኪኒን፥ ከወተትና ከአይብ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቅ፤ ሁለቱ በአንድ በር የሚጋፉ ናቸውና። በሎሚ ውሃ ቢዋጥ ይሻላል፤ በሻይና በቡና አይዋጥ። በጨጓራ ሳይሟሟ እንዲያልፍ ልባስ የተደረገለት ዓይነት ለእነዚህ ሰዎች አይረባቸውም። ሆድን የሚያደርቅ ወይም የሚያቅለሸልሽ እንደ ሆነ ሐኪሙ ዓይነቱን ወይም ቀኑን ይለውጠዋል፤ በጤነኛ ሴቶች ላይ የተደረጉ የስዊስ ጥናቶች አንድ ቀን እያለፉ መዋጥ ብረቱን የበለጠ እንደሚያስገባ አሳይተዋልና፥ ኪኒኑን ፈጽሞ ከመተው በፊት ይህን መጠየቅ ይሻላል። ኪኒኑ ከሕፃናት እጅ በሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ፤ ቀይና የሚያብለጨልጭ ስለ ሆነ ከረሜላ ይመስላቸዋል፥ ብዙ የዋጠ ሕፃንም ሊሞት ይችላል።

በጾም ጊዜ ነገሩ ይከብዳል፤ ብረቱ የሚሻለው ከሥጋ የሚገኘው ነውና። የታመመ ሰው በጾም እንዲታለፍለት በፍትሐ ነገሥት የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ልጅቱ ከንስሓ አባቷ ጋር መመካከር ትችላለች። ጾሙን እጾማለሁ የምትል እንደ ሆነ ግን ኪኒኗን አታቋርጥ። እንዲሁም ቢ12 የተባለው ቫይታሚን የሚገኘው ከእንስሳ ምግብ ብቻ ስለ ሆነና እርሱም እንደ ብረት በጨጓራው ማነስ ስለሚጐድል፥ ለሐኪሙ ሁለቱንም እንዲመለከት መንገር ያስፈልጋል።

ደሟን ስታስመረምር ደግሞ የደጋው ነገር መልሶ ይመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን ከ12 ካነሰ የደም ማነስ ነው ይላል። በደጋ የሚኖር ሰው ደም ግን መብዛት ይገባዋል ብሎ በ2011 ባወጣው ሠንጠረዥ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ከተገኘው ቍጥር 1.3 እንዲቀነስ አዘዘ። በዚህ ሠንጠረዥ በቆላ ደኅና የነበረች ሴት በደጋ ታማሚ ትባላለች። በሌላ በኩል ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ምሁር ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 ባሳተመችው ጥናት፥ በሰሜን ተራራ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢናቸው በአማካይ ለወንዶች 15.9 ለሴቶች 15.0 ሆኖ ከዝቅተኛ ስፍራ ሰዎች እምብዛም እንዳልበለጠ አገኘች። ስለዚህ በአንድ ቍጥር ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ፌሪቲን የተባለውም ይመርመር። ሄሞግሎቢን በገበታ ላይ እንደ ቀረበ እንጀራ ነው፤ ፌሪቲን ግን በጎተራ ያለውን እህል ይነግራል። ገበታው ሙሉ ሆኖ ሳለ ጎተራው ሊያልቅ ይችላል። ፌሪቲን ዝቅ ካለ የብረቱ ማነስ የተረጋገጠ ነው፤ ሌላ ሕመም ወይም ቍስል ሲኖር ግን ከፍ ብሎ ሊያታልል ስለሚችል፥ ደኅና ነው ብሎ መጽናናት አይገባም።

ይህ ምርመራ በየስፍራው አይገኝም። በ2021 በነበረው ጦርነት የወልድያው ሆስፒታል ሳይቀር በሰሜን ወሎ ብዙ የሕክምና ቤቶች ተዘርፈው ነበር። ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው በአዲስ አበባ ሲያልፍ ደሙን አስመርምሮ ውጤቱን ይዞ ወደ ደጋው ቢወጣ ይበጀዋል። ከዚያም በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይመርመር፤ ሴት ልታረግዝ ስታስብ ደግሞ አስቀድማ።

ኪኒኑ በሥርዓት ተወስዶ ደሙ ካልተመለሰ፥ ወይም ሆድ ፈጽሞ ካልተቀበለው፥ ብረቱ በደም ሥር ይሰጣል። ይህ በአንጀት በር ስለማያልፍ ለእነዚህ ሰዎች እጅግ የሚረዳ ነው፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ሰውነት ስለሚቈጣበት፥ ለዚያ በተዘጋጀ ሐኪም ቤት ተኝተው፥ ከተሰጠም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እየተጠበቁ የሚወስዱት ነው እንጂ በመንደር የሚወጉት መርፌ አይደለም።

አንድ ነገር ሳንጽፍ አናልፍም። ብረት የሚያንሰው ሳይገባ በመቅረቱ ብቻ አይደለም፤ አንጀቱ በተሰፋበት ስፍራ ቍስል ወጥቶ ደም እየፈሰሰም ሊሆን ይችላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት ለራስ ምታትና ለወገብ ከየመድኀኒት መደብሩ የሚገዙት ማስታገሻዎች ይህን ቍስል ስለሚያመጡ፥ እንዲህ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካቸው፤ ሲጋራም እንዲሁ። የብረት ኪኒን ዓይነ ምድርን ያጠቍራል፤ ያ አያስፈራም። እንደ ሬንጅ የሚያብረቀርቅ፥ የሚጣበቅና ክፉ ሽታ ያለው ሲሆን ግን ደም ነውና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

እኛ በሥራችን ወረቀት የምናገላብጥ ሰዎች ነን፤ ማስረጃ የሌለው ባለ ጉዳይ እንዴት እንደሚጕላላ እናውቃለን። ኦፕራሲዮኑ የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ የማያውቅ ሐኪም ብረቱ በየትኛው በር እንደሚገባ አያውቅም፤ ታማሚዎቹም ብዙዎቹ «ጨጓራዬን ተቀንሼ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ሊያስረዱ አይችሉም። ስለዚህ ከአገራቸው ሳይነሡ የኦፕራሲዮኑን ስም፥ ቀኑንና የታዘዘውን ኪኒን የሚገልጽ ወረቀት ያስጽፉ፤ አንዱን ግልባጭ ከፓስፖርታቸው ጋር፥ ሌላውን በእናታቸው ሣጥን ያኑሩት። ወረቀቱ በዐረብኛ ወይም በቱርክኛ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ በዚያው ሳሉ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍላቸው ይለምኑ፤ ፍላቂት ከደረሱ በኋላ አስተርጓሚ መፈለግ አድካሚ ነው።